የሸጌ ማሽን የሚተፋው እድፍ

ሸጌ የማሽኑን በር ከፈተችና ነጠላውን ስባ አወጣችው። ተጠማዞ፣ ከበድ ብሎ፣ ሳሙና ሳሙና እየሸተተ ወጣ። ቤቱ ጨለም ያለ ስለሆነ እዚያ ምንም አልታያትም። ደጅ ወጥታ ገመድ ላይ ስትዘረጋው ነው ፀሐዩ ያጋለጠባት። ከጥለት እስከ ጥለት፣ የደቀቀ የምስር ገለባ የተበተነበት ይመስል፣ ግራጫ ነጠብጣብ ሞልቶበታል።

«አሁንስ በዛ!» አለች። የሚሰማት ሰው አልነበረም፤ ለማሽኑ ነው የተናገረችው።

አንዱን ነጠብጣብ በጥፍሯ ፋቀችው፤ ተነሣላት። ሌላውን ፋቀችው፤ ይኼኛው ግን በመነሣት ፈንታ ተድጦ ወደ ክሩ ገባ። ጣቷን ከጣቷ ስታሻሸው ቅባት ቅባት አላት። ጭቃ ቢሆን በለቀቀ፣ የሳሙና ትራፊ ቢሆን በውሃ በሟሟ። ይኼ ምን እንደሆነ ስሙን እንኳ አታውቀውም።

ነጠላው የመሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ነው። መሪጌታ ላሊበላ ውስጥ ዜማ ያስተምራሉ፤ በልደት ማለዳ ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ተሰልፈው ቤዛ ኵሉ የሚለውን ዝማሬ ሲያሰሙ፣ ከላይኛው ረድፍ፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ ከሚቆሙት አንዱ ናቸው። ልብሳቸውን ሊወስዱ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ሲመጡ ነጠላው ገና ከገመዱ አልወረደም፤ ሸጌ ልትሸሽገው እንኳ ጊዜ አላገኘችም።

«ሸጌ፣ ደረሰ?»

«ደርሷል የኔታ። መድረሱስ ደርሷል።»

መነጽራቸውን ከቀሚሳቸው ኪስ አውጥተው አደረጉና ወደ ገመዱ ጠጋ አሉ።

«ነጠላ ሰጥቼሽ የጅግራ ላባ መለስሽልኝ እኮ ልጄ!»

«እኔም እንደ እርስዎ ነው የምገረመው። ይተዉልኝ፣ እንደገና ላጥበው።»

«ባለፈው ሳምንትም እንደገና ታጥቦ ነው እንዲህ የሆነው።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አልተቆጣሁሽም። ግን በልደት ዕለት ያ ሁሉ ሕዝብ አንጋጦ የሚያየው እኛን ነው። የደቀ መዛሙርቱንም ልብስ ላንቺ እንስጥ ተባብለን ነበር። እንዲህ ከሆነ ልጆቹ ወንዝ ወርደው በእጃቸው ቢያጥቡት ይሻላል።»

ሸጌ ነጠላውን ከገመዱ አወረደችው። ወንዝ የሚለው ቃል የቀኝ እጇን አንጓ ያሳመማት መሰላት።

ሸጌ የገነተ ማርያም ልጅ ናት። ላሊበላ ከተማ ከገባች ጀምሮ የምትተዳደረው በልብስ አጠባ ነው፤ የካህናቱንም፣ የነጋዴውንም፣ የእንግዳ ማረፊያውንም አንሶላ ወንዝ እየወረደች ታጥብ ነበር። ጋቢ መጭመቅ ቀላል ነገር አይደለም። ውሃ የጠጣ ጋቢ ከአንድ ግልገል ይከብዳል፤ እሱን በሁለት እጅ ጠምዝዞ ውሃውን ማስወጣት ሲደጋገም የእጅ አንጓ ያቃጥላል። የሸጌም አንጓ አበጠ፤ ጣቶቿ ሌሊት ሌሊት መደንዘዝ ጀመሩ። ጤና ጣቢያ ስትሄድ የተነገራት አጭር ነበር፦ ጭመቃ ካላቆምሽ ማንኪያ መያዝም ያቅትሻል።

ያን ጊዜ የደረሰላት ታናሽ ወንድሟ ደሳለ ነው። ደሳለ አስጎብኚ ነው። ሚሌኒየሙ በተከበረ ማግስት፣ መንገድ ሊቀይስ መጥቶ ከተማው ውስጥ ቤት ተከራይቶ ይኖር የነበረ አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ዕቃውን ሸጦ ሲሄድ፣ ደሳለ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን ገዛና በአራት ሸክመኛ እህቱ ቤት አስገባላት። ቤቱ ተዳፋት ላይ ስለሆነ ከበላዩ የድንጋይ ካብ ሠርተው የውሃ ሮቶ አስቀመጡበት። ውሃው ከሮቶው በቁልቁለት ኃይል ወደ ማሽኑ ይወርዳል። መብራቱ በፈረቃ ነው፤ በወጣበት ቀን ታጥባለች፣ በጠፋበት ቀን ትተኩሳለች፤ ካውያዋ የከሰል ነውና። ከአንድ ዓመት በላይ እንዲህ ሆኖ በሰላም ኖረ። ነጠብጣቡ የመጣው ዘንድሮ፣ ከመስቀል ወዲህ ነው።

ደሳለም አሁን ትዕግሥቱ እያለቀ ነው። አንድ የሆቴል ባለቤት ማሽኑን በደህና ዋጋ ሊገዛው ይፈልጋል።

«እታለም፣ እኔ ላንቺ ብዬ ነው ያመጣሁት» አላት በዚያው ቀን ማታ ነጠላውን አይቶ። «ግን እያቆሸሸ የሚያጥብ ማሽን ምን ያደርግልሻል? ስምሽን ነው የሚያጠፋው። እስከ ልደት ዋዜማ ልይ። ካልሆነ ሰውዬው ይውሰደው።»

«እኔስ? ወንዝ ልውረድ?»

«ሌላ ሥራ እንፈልጋለን።»

«ምን ሥራ? በዚህ እጅ?»

ደሳለ ጫማውን ማየት ጀመረ።

ሸጌ እስካሁን ያልሞከረችው ነገር የለም። መጀመሪያ የዱቄት ሳሙናውን እጥፍ አደረገችው። ማንም ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ልብስ ካልጠራ ሳሙና ያንሰዋል ብሎ ማሰብ። በሳፋ ለሚያጥብ ሰው ትክክል ነው። እንዲህ ያለ ማሽን ግን የሚጠቀመው ውሃ ትንሽ ነው፤ ልብሱን እያነሣ በመጣል ነው የሚያጥበው፤ ሳሙናው ሲበዛበት አጥቦ አይጨርሰውም። የተረፈው ሳሙና በማሽኑ ጓዳ ጎድጓዳ ይቀመጥና የክር ብናኝ እየያዘ እንደ ንፍጥ ይዝለገለጋል። በዚያ ቀን አረፋው ከበሩ ሥር እየገፋ ወጥቶ ወለሉን ሞላው፤ ሸጌ በመጥረጊያ ስታሳድደው ዋለች፤ ነጠላው ግን ያው ነው።

ቀጥላ በረኪና ጨመረች። በረኪና ቀለም ያጠፋል እንጂ ቅባት አያነሣም፤ ግራጫው ነጠብጣብ ወደ ነጣ ያለ ነጠብጣብ ተቀየረ፣ አልሄደም። ከዚያ ደግሞ ደሳለ «ውሃው ነው፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ዓይነት ነው» ስላላት አቼቶ አፍስሳ ባዶውን አስኬደችው። ቤቱ እንደ ሰላጣ ሸተተ። ነጠብጣቡ ግን ንቅንቅ አላለም።

ጎረቤቷ አሰለች በካቡ ላይ አንገቷን አስግጋ ይህን ሁሉ ስታይ ሰንብታለች።

«ሸጌ፣ ዛሬ ደግሞ ምን አጠጣሽው?»

«አቼቶ።»

«ነገ በርበሬ ስጪው፤ ያስነጥሰውና ይወጣለታል።»

«አሰለች፣ አንቺ ካልሳቅሽብኝ ቀኑ አይመሽልሽም!»

«ምን ላድርግ፤ መብራት ሲጠፋ ቴሌቪዥኔ አንቺ ነሽ።»

ሸጌ ወደ ቤት ገባችና በሩን ከሚገባው በላይ ጠንከር አድርጋ ዘጋችው። ተናዳለች። ነገር ግን ስትናደድ እጇን አጣምራ የምትቀመጥ ሴት አይደለችም፤ ስትናደድ ዕቃ ታስተካክላለች፣ ይቆጠር ያልነበረውን ትቆጥራለች። ያን ዕለትም ከአሮጌ ነጭ ቀሚሷ እኩል እኩል ጨርቅ ቀደደች።

አንዱን ጨርቅ በሳፋ፣ በዚያው በሮቶው ውሃ፣ በዚያው የዱቄት ሳሙና አጠበችው። ፀሐይ ላይ ዘረጋችው፤ ጥርት ያለ ነው። እንግዲህ ውሃውም ሳሙናውም ነፃ ወጡ።

ሁለተኛውን ጨርቅ ማሽኑ ውስጥ ብቻውን፣ ያለ ምንም ሳሙና፣ በውሃ ብቻ አስኬደችው። ሲወጣ ነጠብጣብ ለብሶ ወጣ። እንግዲህ እድፉ ከሰው ልብስ አይደለም የሚመጣው፤ ማሽኑ ሆድ ውስጥ ያደረ ነገር አለ፣ የገባለትን ሁሉ ይቀባል ማለት ነው። በሁለት ቁራጭ ጨርቅ ይህን ያህል ነገር መለየት መቻሉ ያስደንቃል፤ ሰው በግምት ስንት ወር ሲዞርበት ከርሞ ሁለት ጨርቅ ጎን ለጎን ሲሰቀል መልሱ ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል።

ሦስተኛውን ግን በሙቅ ውሃ አስኬደችው፤ ነጭ ልብስ የምታጥብበት ቁልፍ ስልሳ ዲግሪ ላይ ነው። ይኼኛው ጨርቅ ነጠብጣብ አልነበረበትም። ሁሉም ቦታ እኩል ወፍሮ፣ ውሃ ጠብ ሲልበት የማይጠጣ፣ ላዩ ላይ እንደ ቅባት የሚያንሸራትት ሆኖ ወጣ።

«በብርድ ይቆራረጣል፣ በሙቀት ይቀልጣል» አለች ሸጌ ጨርቁን እያገላበጠች። «ምን ዓይነት ጉድ ነው?»

መብራት በወጣበት ቀጣይ ቀን አብዱልሀሚድን ጠራችው። አብዱልሀሚድ የወልድያ ሰው ነው፤ ገበያው ዳር ባለች ሱቁ ሬዲዮና የኤሌክትሪክ ምጣድ ይጠግናል። ካቻቢቴና ፒንሳ በሻንጣ ይዞ መጣ፤ ማሽኑን ሲያይ ዓይኑ በራ።

«እንዲህ ያለውን ከፍቼ አላውቅም እትዬ ሸጌ።»

«ዛሬ ትከፍታለህ። ሞተሩን ግን እንዳትነካብኝ፤ ሞተሩ ጤነኛ ነው። ሆዱን ነው የታመመው።»

«እኔ የምጣድ ሐኪም ነኝ እንጂ የሆድ ሐኪም መቼ ሆንኩ?»

«ሆድ ከምጣድ የሚበላ አይደለም? ጀምር።»

የሳሙና መሳቢያውን ነቀለው። ከጀርባው ሰማያዊና ግራጫ የሆነ ዝልግልግ ነገር ተለጥፎበታል፤ ይኼ የተትረፈረፈው ሳሙና ነው። የበሩን ጎማ እጥፋት በጣቱ ገልጦ አየ፤ እዚያም ክር የተጠቀለለበት ግራጫ ድፍድፍ ነበር። ቀጥሎ ከታች በኩል ያለችውን የማጣሪያ ክዳን ፈታት። መጀመሪያ የገማ ውሃ ፈሰሰ። ከዚያ የፀጉር መያዣና ቁልፍ ወጣ። ከዚያ ማጣሪያው ራሱ አልወጣ አለ።

«ምን ይዞት ነው?» አለ አብዱልሀሚድ። ጎተተ። ፒንሳውን አምጥቶ ጎተተ። በመጨረሻ እየተንቋቋ ወጣ፤ በዙሪያው ድፍን ብሎ የተጋገረ፣ ቢጫና ቡናማ የሆነ፣ ቡጢ የሚያክል ጓል ይዞ።

አብዱልሀሚድ ጓሉን በካቻቢቴው ጫፍ ጫረው። ቅርፊት ተነሣ። ወደ አፍንጫው አስጠጋውና ግራ ገብቶት ሸጌን አያት።

«ይኼ ሳሙና አይደለም። ማር ማር ይላል።»

«አትቀልድብኝ።»

«ወላሂ! አሽትቺው። እትዬ ሸጌ፣ እውነት ንገሪኝ፤ ማሽኑ ውስጥ ጠጅ ትጥያለሽ እንዴ?»

ሸጌ ጓሉን ተቀበለችው። ከሳሙናው ግማት በታች፣ ጠለቅ ብሎ፣ የምታውቀው ሽታ አለ። የማሕሌት ሌሊት ሽታ ነው። ጓሉን በግራ እጇ ይዛ በቀኟ አማተበች።

«ጧፍ ነው» አለች። «የጧፍ ሰም።»

«ቤተ ክርስቲያን የምታበሩት?»

«እሱው ነው! እሱው ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል!» ተቀመጠች። ሳቅም ንዴትም አንድ ላይ መጣባት። «ሌሊቱን ሙሉ ጧፍ ይዘው ቆመው ያድራሉ፤ ሰሙ ነጠላቸው ላይ ይንጠባጠባል፤ እኔ ደግሞ ከነሰሙ ማሽን ውስጥ እከታለሁ!»

«ታዲያ ስታጥቢ አይታይሽም?»

«ይታየኛል። ማሽኑ ይወጣለታል ብዬ ነዋ!»

እሷ ያን ያልፋቀችው በስንፍና አልነበረም። በልጅነቷ እናቷ ከጧፍ የተንጠባጠበ ሰም በመሬት ላይ አይረገጥም፣ ከጥራጊ ጋር አይጣልም እያለች ነው ያሳደገቻት። ልብስ ላይ የፈሰሰውንም ሰው እንደ በረከት ነው የሚያየው፤ ፍቆ የሚጥለው የለም። ወንዝ ላይ ደግሞ የሚፋቅ ነገር አልነበረም። የላስታ ወንዝ ውሃ ቀዝቃዛ ነው። ሰም ሲቀዘቅዝ እንደ ቀጭን ብርጭቆ ይሰበራል፤ ጋቢውን ድንጋይ ላይ ሲደበድቡት ሳይታወቅ ተሰባብሮ ከውሃው ጋር ይሄዳል። ሴቶቹ በዚያ ሁሉ ዘመን ሰሙን ሲያወጡ ኖረዋል፤ እያወጡ መሆናቸውን ግን አንዳቸውም ልብ ብለውት አያውቁም።

ማሽኑ የሚሠራው የዚህን ተቃራኒ ነው። ስልሳ ላይ ሲሞቅ ሰሙ ይለሰልስና ከነጠላው እየለቀቀ ከውሃው ጋር ይዋኛል። ቀጥሎ ለማለቅለቂያ ቀዝቃዛ ውሃ ከሮቶው ሲገባበት ባለበት ድርቅ ይላል፤ ባገኘው ብረት፣ ባገኘው ጎማ ላይ ይለጠፋል። የተረፈው ሳሙና ክር ይሰበስብለታል፣ ሰሙ እንደ ሙጫ ያጣብቅለታል። እንዲህ እየተደራረበ ከርሞ ሲሞላ ደግሞ በየአጠባው እየተፈረፈረ በሰው ልብስ ላይ ይራገፋል። ሸጌ ሳሙና በጨመረች ቁጥር ጭቃውን ለግንበኛው እያቀበለችው ነበር።

«ስለዚህ» አለ አብዱልሀሚድ ጣቱን ወደ ማሽኑ እየቀሰረ፣ «በሙቀት የገባውን በሙቀት እናወጣዋለን። ግን እንዳይቀዘቅዝ።»

«እንዳይቀዘቅዝ» አለች ሸጌ። «ሳይቀዘቅዝ እንዲፈስ።»

በትልቁ ብረት ድስት ውሃ አፈሉ። ማሽኑን እስከ ዘጠና አሙቀው ያለ ልብስ አስኬዱት፤ የፈላውን ውሃ ደግሞ በሳሙናው መሳቢያ በኩል እየጨመሩ አገዙት። የማለቅለቂያውን ውሃ ከሮቶው ዘጉበት። ሐሳባቸው ትኩሱን ውሃ በቱቦው ወደ ጀሪካን አስወጥተው ሰሙ ሳይጋገር መድፋት ነበር። በበሩ መስታወት ውስጥ ውሃው ቢጫ ሲሆን፣ ላዩ ላይ የሚያብረቀርቅ ክብ ክብ ሲንሳፈፍ አዩ።

«እየወጣ ነው! እየው! እየው!» አለች ሸጌ፣ እንደ ልጅ መስታወቱን እየነካካች።

በዚያው ቅጽበት ማሽኑ ጸጥ አለ።

አብዱልሀሚድ አምፖሉን አየ። ሸጌም አየች። ፈረቃው የሚያበቃው ማታ ነበር፤ ዛሬ ግን ያለ ሰዓቱ ጠፋ።

«ያ አላህ! አሁን?»

«አሁን!» ሸጌ ተነሥታ ቆመች። «አሁን ነው የሚጠፋው! ባዶ ሲሆን አይጠፋ፣ ስተኩስ አይጠፋ፤ ሰሙ ሲቀልጥ ጠብቆ!»

ውሃው በሩ ተቆልፎበት እዚያው ውስጥ ቀርቷል። ቢቀዘቅዝ ያ ሁሉ ሰም ወደ ቱቦው ወርዶ ይጋገራል፤ ከመጀመሪያው የባሰ ይሆናል ማለት ነው። ሸጌ ሳፋ አምጥታ ወለሉ ላይ ተደፋች። የማጣሪያውን ክዳን በጨርቅ ይዛ ፈታችው። ትኩሱ ውሃ ፈነዳ፤ እጇን ለበለባት፤ ጨርቁን ግን አልለቀቀችም። አብዱልሀሚድ ሳፋ እየቀየረ ወደ ደጅ ይደፋል። ሳፋው ውስጥ ውሃው ገና ሳይደፋ ሰሙ ላዩ ላይ እንደ ወተት ስልባቦት ይጋረድ ነበር። ከደጅ የአሰለች ድምፅ ተሰማ።

«ሸጌ! ማሽኑ ወለደ?»

«ወለደ! ነይና አጥቢልኝ!»

አሰለችም መጣች። ሳቋን ትታ ምድጃው ላይ እንጨት ጨመረች፣ ውሃ አፈላች፤ ሸጌ በትኩስ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ይዛ የጎማውን እጥፋት፣ የመሳቢያውን ቤት፣ እጇ የደረሰበትን ቀዳዳ ሁሉ ጠረገች። ማጣሪያውን በፈላ ውሃ አጠቡት። መብራት የተመለሰው በማግስቱም አይደለም፤ ከዚያ ወዲያ ነው። ያን ጊዜ ባዶውን በትኩስ ውሃ ደጋግማ አስኬደችው፤ በየጊዜው በማጣሪያው በኩል ገና እንደ ሞቀ አወጣችው። ከዚያ አንድ ነጭ ጨርቅ ከተተች፤ ጥርት ብሎ ወጣ።

ሸጌ ግን አልፈነደቀችም። ማሽኑ ነጻ እንጂ ሰሙ አላለቀም። የታኅሣሥ ገብርኤል አልፎ ልደት ደርሷል፤ ነጠላውና ጋቢው ሁሉ ከየማሕሌቱ ሰም ተሸክሞ እየመጣ ነው።

ስለዚህ ልብስ ለሚያመጣ ሁሉ ተናገረች። «ሰሙን ፍቃችሁ አምጡልኝ።» እሺ ይላሉ፤ ሳይፍቁ ያመጣሉ። ደግማ ተናገረች። እሺ ይላሉ። ደቀ መዛሙርቱን ስትነግራቸው ይሳሳቃሉ። ድምፅዋ እስኪሰልል ተናገረች። ራሷ እንዳትፍቀው የሰው ልብስ ብዛት ከአንጓዋ ጋር አይሄድም፤ ቢላዋ ጨብጦ መፋቅና ጋቢ መጭመቅ ለዚያ እጅ አንድ ነው። ሳይፋቅ እንዳትከተው ማሽኑ እንደገና ሊሞላ ነው።

ዋዜማው ሁለት ቀን ሲቀረው መሪጌታ ጋቢያቸውንና ነጠላቸውን ጠቅልለው መጡ። ሸጌ ጥቅሉን ፈታችው፤ ጫፉ ላይ ሰሙ እንደ ዶቃ ተደርድሯል።

«የኔታ፣ ይህን አልቀበልም።»

«ምነው?»

«ሰሙ አልተፋቀም።»

«እንዴ! ጧፍ እኮ ነው ሸጌ። ከመቅደሱ ፊት የበራ ጧፍ ነው። እንደ ቆሻሻ ልፍቀው?»

«እኔም እንደዚያ ብዬ ነው የተውኩት» አለች ሸጌ፤ ንዴቷን መያዝ አቃታት። «እኔም በረከት ነው ብዬ ሳልፍቅ ማሽን ውስጥ ጨመርኩት። የት ሄደ መሰለዎት? ከሳሙና ግማት ጋር ተለውሶ፣ ከሰው ፀጉር ጋር ተጠቅልሎ፣ ወደ ጉድጓድ ፈሰሰ! በሳፋ ሙሉ ደፋሁት የኔታ። ቢፋቅ ይሻለው ነበር ወይስ እንዲህ ቢሆን?»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ወደ ጉድጓድ?»

«ወደ ጉድጓድ።»

«ተፍቆ ቢሰበሰብስ?»

«ጧፍ የሚጠቀልሉት ሴትዮ አሉ አይደል? ከብልባላ ገበያ ሰም የሚያስመጡት። መልሰው ያቀልጡታል፤ መልሶ ጧፍ ይሆናል።»

«ይኼ ደህና ነገር ነው» አሉ መሪጌታ ቀስ ብለው። «ማን ይፍቀዋል ታዲያ?»

ሸጌ የቀኝ እጇን አንሥታ ያበጠውን አንጓ አሳየቻቸው፤ ከዚያ በግራ እጇ ቢላዋ በጀርባው በኩል አዙራ አቀበለቻቸው።

መሪጌታ ካቡ ላይ ተቀመጡ። ጠዋት ነበርና ብርዱ ሰሙን አድርቆታል፤ ቢላዋው ሲነካው ቅርፊት ቅርፊት እየሆነ ይነሣል። ከሥራቸው የተዘረጋው ጨርቅ ላይ ቢጫ ፍርፋሪ መጠራቀም ጀመረ። ትንሽ እንደ ፋቁ፣ ጉልበታቸው ቢያማቸውም፣ ሥራው እየጣማቸው መጣ።

«ይኼ የገብርኤል ይመስለኛል» አሉ አንዱን እያነሡ። «ይኼ ግን ከዚያ የቆየ ነው። አቤት፣ ስንት ሌሊት ተሸክሜ ኖሬአለሁ!»

«እኔም አብሬዎት ተሸክሜአለሁ።»

ወሬው በአንድ ቀን ከተማውን ዞረ። መሪጌታ ራሳቸው ተቀምጠው ከፋቁ ደቀ መዝሙር እንዴት ይስቃል? በዋዜማው ማለዳ ከሸጌ ካብ ላይ መቀመጫ ጠፋ። ቢላዋ የያዘ፣ የምላጭ ጀርባ የያዘ፣ ማንኪያ የያዘ፣ ጭኑ ላይ ነጭ ልብስ ዘርግቶ ይፍቃል። ተፍቆ ቅባቱ የቀረውን ሸጌ ካልተጻፈበት ወረቀት በታች አድርጋ በሞቀ ካውያ ትጫነዋለች፤ ወረቀቱ ሰሙን ይጠጣል። ከዚያ በትንሽ ሳሙና ወደ ማሽኑ ይገባል። ገመዱ ላይ የተሰቀለው ልብስ ዓይን ይወጋ ነበር፤ ሸጌ ግን ቀና ብላ አላየችውም፤ የሚፍቁትን ስትጠብቅ ነበር የዋለችው።

«አንተ! ጫፉን ዘለልከው!»

«ፋቅሁት እኮ እትዬ።»

«ፋቅሁት ይላል! ይኼ ምንድን ነው? ደግመህ!»

ደሳለ ይህን ጊዜ ከሁለት ሸክመኛ ጋር ደረሰ። የሆቴሉ ባለቤት ፒካፕ ከታች መንገድ ላይ ቆሟል። ደሳለ ካቡ ላይ የተደረደሩትን አየ፣ ገመዱን አየ፣ ለመናገር አፉን ከፈተ።

«እህ፣ ደሳለ» አሉ መሪጌታ ዓይናቸውን ከነጠላቸው ሳያነሡ። «ማሽኑን ልትወስድ ነው?»

«ለሰውዬው ቃል ሰጥቼ ነበር የኔታ።»

«እኛስ ለማን ነው የምንፍቀው?»

ካቡ ላይ ያለው ሁሉ መፋቁን አቁሞ አየው። ሸክመኞቹ ልብሱን አይተው፣ ደሳለን አይተው፣ ግድግዳው ጥግ ተቀመጡ።

ደሳለ እህቱን አያት። ሸጌ ላብ ባረጠበው ፊቷ፣ የተላጠ ጣቷን በጨርቅ ጠቅልላ፣ ካውያ ይዛ ቆማለች። ልትለምነው ያሰበች አትመስልም።

«ሰውዬውን ሌላ ማሽን ፈልግ እለዋለሁ» አለ በመጨረሻ። «እናንተ ሂዱ፤ ዕቃ የለም።»

ሸክመኞቹ እያጉረመረሙ ወረዱ። ደሳለ እፎይ ብሎ ጋቢውን ከትከሻው አውልቆ ለእህቱ ዘረጋላት። «በይ፣ የኔንም ለነገ አድርሺልኝ።»

ሸጌ ተቀብላ ጠርዙን በጣቷ ተከተለችው። አንድ ቦታ ላይ ቆመች። ጋቢውን መልሳ እጁ ላይ ጣለችበት።

«ይኼ ሰም ምንድን ነው? ስንቴ ልናገር? ሂድ ተቀመጥ!»

መሪጌታ ካቡ ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡት።